ባለ አንድ ወንበሩ ክፍል

ሩሃማን ባለፈው ሳምንት የተውናት በኩርፊያ ላይ ነበር። ኩርፊያዋ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የወዳጇን የታዴዎስን ስልክ አላነሳችም። የማታነሳውን ስልክ ግን ከእጇ አትለየውም። ይህቺ ናት እንግዲህ ሩሃማ፤ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው መድኃኒት ቤት ለመጣ ለሄደው ሁሉ ፈገግታ የማትነፍግ ፋርማሲስት፣ ወደ ራሷ ልብ ሲመጣ ግን ንፉግ።

የጠቡ መነሻ አባቷ ናቸው። አቶ አለማየሁ አዲስ አበባ ስመ ጥር ዳኛ ነበሩ፤ ችሎት ሲገቡ ጠበቃውም ባለጉዳዩም ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር። ዛሬ ግን የመርሳት ሕመም ቀስ በቀስ እየወሰዳቸው ነው። ባለፈው የበረዶ ወቅት ሙሉ ልብሳቸውን ከነከረባታቸው ለብሰው፣ ካፖርት ሳይደርቡ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቁ ፖሊስ አግኝቶ ቤት አመጣቸው። «ችሎት ረፍዶብኛል» ነበር ያሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሩሃማ ሥራ ላይ ሆና ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ስንጥቅ ይላል። ሐኪሙም ቁርጡን ነገራት፤ ቀንም ሌሊትም ሰው የማይለያቸው፣ ሜሞሪ ኬር የሚሉት የመርሳት ሕመምተኞች እንክብካቤ ያለው የአረጋውያን መኖሪያ መፈለግ አለባት።

ታዴዎስ ይህን ሲሰማ አንድ ቤት ጠቆማት። የሊፍት ቴክኒሻን ነው፤ ስካይላይን ከሚባሉት ፎቆች ጀምሮ ቨርጂኒያን ሲያዳርስ ይውላል። እዚያ ቤት ሊፍት ሊጠግን ገብቶ ሠራተኞቹ ሽማግሌዎቹን እንዴት እንደሚይዙ አይቶ ወዶታል። ቤቱ ያለው ግን አሌክሳንድሪያ ነው፤ ታዴዎስ የሚኖረውም አሌክሳንድሪያ።

«ቤትህ አጠገብ?» አለችው ሩሃማ ያን ዕለት። «ገባኝ። አባቴን እዚያ አስቀምጠህ እኔን ልትወስድ ነው። እሳቸው እምቢ ያሉህን ሲረሱልህ ጊዜ፣ በመርሳታቸው ልትገባ!»

ታዴዎስ ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ኩራት የሚባለው ነገር ለእሱም አልተነፈገውም። «እንዳልሽ» ብሏት ወጣ።

እምቢታው የሆነው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ታዴዎስ እንደ ወጉ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤታቸው ሳሎን ገብተው ቆሙ፤ ጉዳያቸው ሳይሰማላቸው እንደማይቀመጡም ተናገሩ። አቶ አለማየሁ ያኔ አእምሯቸው እንደ ምላጭ ነበር። «የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። «የንጉሡ» ተባሉ። ንጉሡ አዲስ አበባ እያሉ ስንት ዘመን ያገለገላቸው ሾፌራቸው ነው። «ልጄን ለሾፌሬ ልጅ አልሰጥም» አሉ። ሽማግሌዎቹም ሳይቀመጡ ወጡ። ሩሃማ ኩሽና ውስጥ፣ ለእንግዶቹ ያዘጋጀችውን ትሪ እንደያዘች ሁሉንም ሰማች። ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም ትንፍሽ አላለች። ከዚያ በኋላ እሷም አላገባችም፣ እሱም አላገባ። ሰባት ዓመት ሙሉ የቆጫት የአባቷ ቃል ሳይሆን የራሷ ዝምታ ነው።

«ተሞሽሬ ‹አባቴ ቢያውቁ ኖሮ› እያልኩ መኖር አልችልም» ትላለች። «ሳያውቁ የሰጡኝን አልወስድም።» ታዴዎስን ስትወደው የኖረችው በዚህ አጥር ማዶ ሆና ነው።

*

እሑድ ቤቱን ለማየት ተቀጠረ። እኛ ዘንድ ደግሞ ቤት ማየት ብቻ አይበቃም፤ ምስክር ያስፈልጋል። የእናቷ ወንድም ጋሽ ወንድሜነህ «ሽማግሌ አይቶ ካልመሰከረልሽ የሰው አፍ አያስቀምጥሽም። አባቷን አውጥታ ጣለች ይሉሻል» ብለው የንስሐ አባታቸውን ቄሱን ጨመሩ። ጋሽ ፀሐዩንም ጨመሩ። ጋሽ ፀሐዩ የአባቷ የድሮ ባልንጀራ ናቸው፤ ያን ጊዜ ከተባረሩት ሽማግሌዎችም አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ሩሃማ አባቷን ደግፋ ከቤት ስትወጣ በሩ ላይ የቆመው መኪና የጋሽ ወንድሜነህ አልነበረም። መሪው ላይ ታዴዎስ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለች ጥርሷን ነክሳ።

«ሃይዌይ ያስፈራኛል፣ ታውቂያለሽ» አሉ ጋሽ ወንድሜነህ ሰማይ ሰማዩን እያዩ። «ኮል ሳደርግለት እሺ አለኝ። ምን ላድርግ ታዲያ?»

ታዴዎስ ወርዶ በሩን ለአባቷ ከፈተ። ለእሷ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት፤ እሷም እንዲሁ። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተሳፈሩ። ሩሃማ ሆነ ብላ ኋላ ተቀመጠች። ድልድዩን ሲያቋርጡ ግን ዓይኗ ከመስተዋቱ ላይ ወደቀ፤ እሱም እያያት ነበር። ሁለቱም ቶሎ ዓይናቸውን ሰበሩ። ከታች ፖቶማክ ወንዝ በፀሐይ ያብረቀርቃል፣ ሽማግሌዎቹ ስለ ስብከቱ ይከራከራሉ፣ እሷ ግን የሚሰማት የራሷ ልብ ምት ብቻ ነበር።

*

ሩሃማ ከዚህ ቤት በፊት ጌይተርስበርግ ሌላ ቤት አይታ ነበር። ቤቱ የሚያምር፣ ምንጣፉ እግር የሚውጥ ነው። አስጎብኚው ግን አባቷ እዚያው ቆመው ሳለ እሷን ነበር የሚጠይቃት። «በደንብ ይበላሉ? ይቆጣሉ? ያስቸግራሉ?» ሲወጡ አቶ አለማየሁ «ለመሆኑ እኔ እዚህ የመጣሁት ምስክር ሆኜ ነው ወይስ ተከሳሽ?» አሏት። ያን ለት ሆድ ብሷት አመሸች።

እዚህ የተቀበለቻቸው ሴት ማርያማዊት ትባላለች፤ ሥራ ቦታ ሜሪ ይሏታል። የነርሶቹ ኃላፊ ናት። ቀጥ ብላ የሄደችው ወደ አባቷ ነው። ዓይናቸውን ለማየት ጎንበስ ብላ «እንደምን አረፈዱ፣ ጋሼ? ቤቱን ላሳይዎ ይፈቅዱልኛል?» አለቻቸው።

አቶ አለማየሁ አሰብ አደረጉና «ተፈቅዷል» አሉ።

ሩሃማ ግን በአንድ ጎንበስ ማለት የምትሸነፍ ሴት አይደለችም። ምሳ ሰዓት ስለነበር መመገቢያ ክፍሉን ቆማ አየችው፤ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አንዲት አሮጊት ሾርባቸውን ራሳቸው እንዲጠጡ አንዷ ሠራተኛ አጠገባቸው ተቀምጣ ስትታገሥ ተመለከተች። መታጠቢያ ቤቱን አሸተተች። የአደጋ ደወሉን ራሷ ሳበችው፤ ሠራተኛ እየሮጠ ሲመጣ ይቅርታ ጠየቀች እንጂ አልተጸጸተችም።

«ማታ ስንት ሰው ያድራል? መድኃኒት የሚሰጣቸው ማነው? በሩን ከፍተው ቢወጡስ?»

ሜሪ አንድ በአንድ መለሰችላት። በሩ በኮድ ነው የሚከፈተው፤ መውጣት ለሚወዱት ደግሞ አጥር ያለው አትክልት ቦታ አለ። «አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልንገርሽ» አለች ሜሪ። «አማርኛ የሚችል ሰው በየሺፍቱ አይኖርም። እኔ ኦፍ በሆንኩ ቀን በምልክት የሚግባቡበት ጊዜ ይኖራል። ኋላ አልነገርሽኝም እንዳትይኝ።»

ሩሃማ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ላላ አለ። ጉድለቱን የሚናገር ቤት ሌላውንም አይዋሽም ብላ አሰበች። ቢሆንም ከአባቷ አጠገብ ስትራመድ የእጃቸው ሙቀት በእጇ ውስጥ ነበር። ይህን እጅ እዚህ ትታ እንዴት እንደምትመለስ አላወቀችም።

*

ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር አለ። አንድ ብቻ። አቶ አለማየሁ ማንንም ሳይጠይቁ ሄደው ተቀመጡበት። ሁለቱን እጃቸውን መደገፊያው ላይ አድርገው ጀርባቸውን ቀጥ አደረጉ።

«ወንበር ላስመጣላችሁ» አለች ሜሪ።

«ኧረ አያስፈልግም!» አሉ ሦስቱ ሽማግሌዎች በአንድ አፍ። እንግዲያው አልጋው ላይ አረፍ በሉ ተባሉ። ያኔ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ቄሱ ለጋሽ ፀሐዩ፣ ጋሽ ፀሐዩ ለጋሽ ወንድሜነህ፣ ጋሽ ወንድሜነህ ለቄሱ፣ «እርስዎ ይቅደሙ» «ኧረ በማርያም፣ አባቴ እያሉ እኔ?» ሲባባሉ ማንም ሳይቀመጥ ቀረ። ነጭ ነጠላ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረው ቆሙ። ለአንድ መቀመጫ ይህን ያህል የሚለማመን ከእኛ ሌላ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም።

አቶ አለማየሁ ቀና ብለው አዩአቸው። ነጠላቸውን አዩ፤ መቆማቸውን አዩ፤ የጋሽ ፀሐዩንም ፊት ረዘም አድርገው አዩ። ከዚያ አንድ ነገር በፊታቸው ላይ ሲበራ ሩሃማ ተመለከተች።

«ቆማችሁ መቅረታችሁ ለጉዳይ ብትመጡ ነው» አሉ። «ተናገሩ፤ እሰማለሁ።»

ጋሽ ፀሐዩ ያ መባረር ለሰባት ዓመት ከጉሮሯቸው አልወረደላቸውም። ነጠላቸውን አስተካከሉና አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረቡ።

«ክቡር ዳኛ፣ የመጣነው ልጅዎን ሩሃማን ለልጃችን ለታዴዎስ ልንጠይቅ ነው።»

«ጋሽ ፀሐዩ!» አለች ሩሃማ፤ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። «አባቴን መጫወቻ አያድርጉብኝ!»

ሜሪ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «ተያቸው፣ እህቴ» አለቻት በሹክሹክታ። «እዚህ ቤት እኛ ካሬክት አናደርጋቸውም፤ ተሳስተዋል አንላቸውም። ያሉበት ድረስ ሄደን ነው የምናገኛቸው። እስቲ እያቸው።»

ሩሃማ አየቻቸው። እንዲህ ዓይናቸው ጠርቶ ካየቻቸው ስንት ጊዜዋ ነው? ሰው አቤት ሊላቸው መጥቷል፤ ሊሰሙት ተቀምጠዋል። ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ አቶ አለማየሁ።

ያችው ጥያቄ። ጋሽ ፀሐዩ ድፍረታቸው እንደመክዳት አለና «የጨዋ ልጅ ነው። በላቡ የሚያድር፣ ሰው አክባሪ…» እያሉ ዙሪያውን መዞር ጀመሩ።

«እሱን አልጠየቅኩም። የማን ልጅ ነው?»

«የንጉሡ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ።»

ሁሉም ዞሩ። ታዴዎስ በሩ ላይ ቆሟል። አቶ አለማየሁ መኪና ውስጥ የረሱትን ካፖርት ሊያደርስ መጥቶ ሁሉንም ሰምቷል። ካፖርቱን ክንዱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሳይደፋ፣ ድምፁን ሳይሰብር ደገመው። «የሾፌርዎ የንጉሡ።»

ሩሃማ ሦስት ሳምንት ሙሉ «በመርሳታቸው ሊገባ ነው» ስትል የከረመችው ይህን ሰው ነው! በመርሳታቸው ሊገባ የፈለገ ሰው ይህን ስም ይደብቀው ነበር። ጋሽ ፀሐዩ መደበቂያውን አመቻችተውለት ሳለ ታዴዎስ ያኔ ያስባረረውን ስም ደረቱን ነፍቶ ጠራው። ዓይናቸው ተገናኘ። በዚህ ጊዜ ማንም ዓይኑን አልሰበረም።

«ንጉሡ…» አሉ አቶ አለማየሁ ቀስ ብለው። ጣታቸው መደገፊያው ላይ ተንቀሳቀሰ። «ጠዋት ጠዋት መኪናውን ሳያሞቅ አያስገባኝም ነበር። ብርድ ይመታዎታል፣ ይለኛል።» ወደ ታዴዎስ ቀና አሉ። «ለምን ራሱ አልመጣም?»

«አርፏል፣ ጋሼ።»

«ነፍሱን ይማረው። ሰው ነበር።»

ከዚያ ግንባራቸው ተኮማተረ። «ይህ ጉዳይ ከዚህ በፊት ቀርቦልኛል መሰለኝ። ምን ተብሎ ነበር የተወሰነው?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ሩሃማ የገዛ ድምፅዋን ስትሰማ ገረማት።

«እምቢ ተብሎ ነበር፣ አባባ።»

«ልጅቷስ ምን አለች?»

«አልተጠየቀችም።»

«አልተጠየቀችም?» መደገፊያውን በመዳፋቸው መቱት። ያ ችሎቱን የሚያስደነግጠው ድምፅ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ክፍሉን ሞላው። «ያልተሰማ ሰው ላይ ይፈረዳል እንዴ? የትኛው ዳኛ ነው እንዲህ ያለ ፍርድ የፈረደ?»

ቄሱ መስቀላቸውን ጨበጡ። ሩሃማ እንባዋ መጣባት፤ ከሐዘን ብቻ ግን አልነበረም። አባቷ ይህ ናቸው። ሕመሙ የቀኑን ስም ወስዷል፣ የሚስታቸውን ሞት ወስዷል፣ ፍትሕን ግን ሊወስድባቸው አልቻለም።

«አንድ ደክሞት የነበረ ዳኛ ነው፣ አባባ» አለች።

«እንግዲያው ይታረማል። ልጅቷ ትቅረብ።»

ቀረበች። ፊታቸው ቆመች። አቶ አለማየሁ ረዥም ጊዜ አዩዋት። ልጃቸው መሆኗን አውቀው ይሁን ሳያውቁ፣ እሷ እስከ ዛሬም አታውቅም።

«እውነቱን ተናገሪ። አትፍሪ፤ እኔ እያለሁ ማንም አይነካሽም» አሉ። «ይህን ሰው ትፈልጊዋለሽ?»

ሩሃማ ያ ትሪ አሁንም እጇ ላይ ያለ መሰላት። ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«እፈልገዋለሁ» አለች። ድምፅዋ ሲወጣ እየጠነከረ ሄደ። «ያኔም እፈልገው ነበር። ዝም ያልኩት ስለፈራሁ ነው። እወደዋለሁ፣ አባባ። ንጉሡ አባቱ ባይሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሰው አይሆንም ነበር።»

አቶ አለማየሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተሰምቷል።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና እጃቸውን ዘረጉ። «ተቀመጡ።»

ጋሽ ፀሐዩ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና አልጋው ላይ ዝርፍጥ አሉ፤ በዚህ ጊዜ ማንንም ይቅደሙ አላሉም። ታዴዎስ ብቻ እበሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። አቶ አለማየሁ መደገፊያውን ተደግፈው ከወንበራቸው ተነሡ፤ እየተንገዳገዱ ሄደው ክንዱን ያዙት።

«ና፣ እዚህ ተቀመጥ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ቆሜ እሆናለሁ። አባቴም እርስዎ ፊት ተቀምጦ አያውቅም።»

«የንጉሡ ልጅ በእኔ ቤት አይቆምም» አሉ አቶ አለማየሁ። እጁን ይዘው ወስደው በዚያች በአንዲት ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«በእኔ ቤት» ማለታቸውን ሩሃማ ሰማች። ሜሪም ሰማች፤ ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ከእንግዲህ ስለ ቤቱ የሚጠየቅ ጥያቄ አልቀረም። የሩሃማ ልብ ግን ያለው ወንበሩ ላይ፣ ካፖርት አቅፎ እንደ ሕፃን ከሚያለቅሰው ጎልማሳ ዘንድ ነበር። በሕይወቷ እንዲህ ኮርታ አታውቅም፤ በሁለቱም።

*

ኮሪደሩ ላይ ሽማግሌዎቹ ቀድመው ሲሄዱ ሩሃማ ታዴዎስን እጅጌውን ያዘችው።

«በድዬሃለሁ» አለችው።

«ሦስት ሳምንት ደወልኩልሽ።»

«አውቃለሁ። በጮኸ ቁጥር እጄ ላይ ነበር።»

«ታዲያ አንሺው እንጂ፣ አንቺ ጉደኛ!» አላት፤ ሳቁ እንባው መሃል መጣ። እሷም ሳቀች። ሜሪ ወደ ግድግዳው ፊቷን አዙራ የማታይ መሰለች።

ሊፍቱን ሲጠብቁ ያ ብርሃን ከአቶ አለማየሁ ፊት እየሸሸ ነበር። ታዴዎስን ከላይ እስከ ታች አዩትና ወደ ሩሃማ ጠጋ አሉ።

«ይህ ጎልማሳ ማነው?»

አንድ አፍታ ሁሉም ነገር እንዳልሆነ የሆነ መሰላት። ከዚያ ታዴዎስን አየችው። የተፈረደው በእሳቸው ትዝታ ሳይሆን በእሷ ቃል መሆኑ ያኔ ገባት፤ እሷ ደግሞ አልረሳችም።

«እጮኛዬ ነው፣ አባባ።»

«የማን ልጅ ነው?»

የሊፍቱ በር ተከፈተ። ውስጡ ሰው ሞልቷል። ሩሃማ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ አፏን ሞልታ፣ ኮሪደሩ እስኪሰማ ተናገረች።

«የንጉሡ ልጅ ነው! የሾፌርዎ የንጉሡ!»

ታዴዎስ ካፖርቱን በትከሻቸው ላይ ደረበላቸው። «ውጪ ብርድ ይመታዎታል፣ ጋሼ።»

«ንጉሡም እንዲህ ይለኝ ነበር» አሉ አቶ አለማየሁ፤ ፊታቸው በራ።

ዛሬ አቶ አለማየሁ በዚያ ክፍል ይኖራሉ፤ ወንበሩም ያው አንድ ነው። ሩሃማና ታዴዎስ እሑድ እሑድ ሲገቡ ሽማግሌው ቀና ብለው ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ሩሃማም ትመልሳለች። ሠራተኞቹ ለእሷ አዝነው ከንፈር ይመጥጣሉ። እሷ ግን ለሰባት ዓመት የዋጠችውን ስም በየሳምንቱ አፏን ሞልታ የምትጠራበትን ደቂቃ፣ ከቅዳሜ ጀምራ ትናፍቀዋለች።